በር በር የሚያይ ዓይን

የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ሽታ ኮምጣጣ ነው። ሳይከደን የከረመ የኮምጣጤ ጠርሙስና በላብ የራሰ ሳንቲም አንድ ላይ ቢሸቱ እንደዚያ ሳይሆኑ አይቀሩም። በዚያን ዘመን፣ ፎቶግራፍ ገና ከጨለማ ክፍል እንደ ጫጩት እየተፈለፈለ ይወጣ በነበረበት ጊዜ፣ ከገበያው ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው ጎዳና የሚያልፍ ሰው ፎቶ ቤቱ ጋ መድረሱን ከዓይኑ ቀድሞ አፍንጫው ይነግረው ነበር። ሽታው ከቤቱም ይልቅ የሚብሰው ግን በአንድ ሰው ላይ ነው። ከጣቱ፣ ከኮቱ እጅጌ፣ ከጢሙ ሳይቀር ይሸት ነበር። ጎረቤቶቹ ሚስት ያጣው በዚህ ሽታ ነው ይላሉ። እሱ ግን ሲጠየቅ፣ «ሴት ልጅ ቀርባ ሳያት ማስተካከል ይቃጣኛል፤ ይህ ደግሞ ለትዳር አይበጅም» ብሎ ያልፈዋል።

እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው። በዚያ ስም የምትጠራው እሷ ብቻ ስለ ነበረች፣ ስትሞት ስሙም አብሯት ተቀበረ። ለሰፈሩ ሁሉ አሳማሪው ነው፤ ለልጆቹ ደግሞ ጋሽ አሳማሪው።

ሥራው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ይቻላል። ፎቶ አንሺው ሰውን ፈጣሪ እንደ ሠራው ያነሳዋል፤ አሳማሪው ደግሞ ፈጣሪ ቸኩሎ የተወውን ይጨርሳል። ከጨለማ ክፍሉ ጎን፣ መስኮት ሥር፣ ዘመም ያለ መስታወት የተገጠመለት ጠረጴዛ ነበረው። ከመስታወቱ በታች ያስቀመጠው ቁራጭ የፊት መስታወት የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ ይረጨዋል። ፊልሙን እዚያ ላይ ዘርግቶ፣ አጉሊ መነጽሩን በአንድ ዓይኑ ይዞ፣ በምላጭ እንደ መርፌ ያሾለውን እርሳስ ያነሳል። ፊልም ላይ ሁሉ ነገር ግልብጥ ነው፤ ጥርስ ይጠቁራል፣ ፀጉር ይነጣል፣ የፊት መጨማደድ እንደ ብርሃን ጭረት ያበራል። አሳማሪው ያንን ጭረት በእርሳስ ቀስ እያለ ሲሞላው፣ ወረቀቱ ላይ ሲታተም መጨማደዱ የለም። የሚጠቁር ነገር ካስፈለገም በምላጭ ጫፍ ይፍቃል። የሰውን ፊት ተገልብጦ ሲያይ የሚውል ሰው ስለ እውነትና ስለ ውሸት ከሌላው ሰው ለየት ያለ ሐሳብ ቢኖረው አይፈረድበትም።

«እኔ ውሸት አልጨምርም» ይል ነበር። «ጣልቃ የገባውን ነው የማነሳው። ቡግር መጥቶ ሂያጅ ነው፤ ሰውየው ግን ነዋሪ ነው።»

«አንገትስ?» ይለዋል የፎቶ ቤቱ ባለቤት። «ለሥራ አስኪያጁ የሠራህለት አንገት ከየት የመጣ ነው?»

«ነበረው። ኮሌታው ውስጥ ተደብቆ ነው።»

ይህ ባለቤት ፎቶ አንሺውም ራሱ ነው፤ በሰፈሩ የሚታወቀው ፈገግ-በሉ በሚል ቅጽል ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ፈገግ በሉ ሲል ኖሮ እሱ ግን አንድ ቀን ፈገግ ሲል ያየው የለም። በራሱ የሠርግ ፎቶ ላይ እንኳ ጫማው የጠፋበት ሰው ይመስላል። አሳማሪው ያንን ፎቶ ለማቃናት ሞክሮ፣ «ከንፈሩን ባነሳው ግንባሩ ይክደኛል» ብሎ ትቶታል።

የሚመጣው ሰው ልዩ ልዩ ነበር። ከሙሽራይቱ በአንድ ክንድ የሚያጥር ሙሽራ ይመጣል፤ እሷ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ ይቆማል፣ አሳማሪው ከተረፈው የቁመት ልዩነት ጋር ይታገላል። አንዲት ባልቴት ደግሞ፣ «የፊቴን መጨማደድ እንዳትነካብኝ፤ ለፍቼ ያገኘሁት ነው» ብለው ደጅ ላይ ቆመው ቁጭ ብሎ ሲሠራ ይጠብቁታል። ከሁሉ የሚነሳው ግን የመግቢያ ካርድ ፎቶውን እዚያ አሠርቶ ፋብሪካ ሊገባ የሄደው ሰው ነው። ዘበኛው ካርዱን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ «ይኼኛው ይግባ፤ አንተ ተመለስ» አለው። ሰውየው በንዴት ጦፎ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣ። ፎቶው ይስተካከልልኝ ግን አላለም። አጠገቡ ተቀምጦ፣ «እኔን ምን ብታደርገኝ ይሻላል?» አለው ለአሳማሪው።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ሰው ከፎቶው ጋር ሲጋጭ፣ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሰውየው ነበር።

አሳማሪው አንዲት ታላቅ እህት ነበረችው፤ እታለም ነው የሚላት። ሹራብ ሠሪ ናት። ከፎቶ ቤቱ ብዙ በማይርቅ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ የሹራብ መኪናዋን ተክላ፣ እጀታውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተተች ክርርር ስታደርግ ትውላለች። የአልጋዋ ልብስ ሹራብ፣ የሻይ ብርጭቆው ማስቀመጫ ሹራብ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ሹራብ ለብሶ ነበር። ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው፤ ሳታስበው ይወጋል፣ አስባው ከሆነ ደግሞ ይሰፋል።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አጠር ያለ፣ ጆሮዎቹ እንደ ተከፈተ የመኪና በር ወደ ውጭ የቆሙ፣ አፍንጫው በአንድ የፍሬን ስህተት ምክንያት ከመሪው ጋር ተጋጭቶ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው። በተጋቡ በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ጠዋት እሷ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ሻዩን ግማሽ ጠጥቶ ወጣ። ደህና ዋይ አላለ፣ ደህና እደሪ አላለ። ተመልሳ ስትገባ ብርጭቆው ገና ሙቅ ነበር። በኋላ አንዱ ሹፌር በአንድ ከተማ አየሁት አለ፣ ሌላው በሌላ ከተማ። ጤነኛ ነው፣ ወፈር ብሏል አሉ፤ ሰላም ብሎሻል ግን አላሉም።

«ይመጣል» አለች እታለም። ማልቀስ የጀመሩትን ጎረቤቶቿንም ዝም አሰኘቻቸው። «ምን ያስለቅሳችኋል? መኪና የያዘ ሰው ነው፤ ዞሮ ይመጣል።»

የቀራት ነገር እሱ ብቻውን የተነሳው አንድ ፎቶ ነው፤ በተጋቡበት ሰሞን ፈገግ-በሉ ያነሳው። ያን ቀን ሹፌሩ የጭነት መኪናውን ደጁ ላይ አቁሞ ነበርና፣ ልክ ሲነሳ ዓይኑ ወደ በሩ ሸሸ። እንደዚያው ሆኖ ታተመ፤ ፊቱ ወደ ሰው፣ ዓይኑ ወደ በር።

ፎቶው ከሹራብ መኪናዋ ትይዩ ተሰቀለ። ግድግዳው የማታ ፀሐይ የሚያገኘው ስለ ሆነ ከጊዜ በኋላ መገርጣት ጀመረ። ዋናው ፊልም ደግሞ ጎርፍ ፎቶ ቤቱ ምድር ቤት የገባ ጊዜ ከብዙ ሙሽራና ከብዙ ሟች ጋር ተበላሽቶ ነበር። ስለዚህ አሳማሪው ፎቶውን ራሱን በካሜራ አስነሳና ከዚያ አዲስ አሳተመ።

«እግረ መንገድህን ያንን ጆሮ ጠጋ አድርግልኝ» አለችው። «ሲያዳምጠኝ እንዲህ ተገንጥሎ አልነበረም።»

«ሲያዳምጥሽ አይቼው አላውቅም።»

«ለዚህ ነው የማታውቀው። ጠጋ አድርገው ብያለሁ።»

ጠጋ አደረገው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጣሪያው አፈሰሰና ፎቶውን እርጥበት ነካው፤ ከፎቶው ፎቶ ተነሳ፣ አፍንጫው ቀና። ከዚያ ፍሬሙ ወድቆ ሲሰበር መስታወቱ አገጩን ቧጨረው፤ ጭረቱ ሲጠፋ አገጩም እግረ መንገዱን ጠንከር አለ። አንድ ቀን ግን ምንም ያልሆነ ፎቶ በብብቷ ይዛ መጣች።

«ምን ሆነ?» አላት።

«አያየኝም።»

«ፎቶ እኮ ነው፣ እታለም።»

«ፎቶ መሆኑን አጣሁት መሰለህ? ፎቶም ሆኖ በር በር ነው የሚያየው። ሰው ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ እንኳ አርፎ አይቀመጥም?»

ዓይን ማዞር ቡግር እንደ ማጥፋት አይደለም። አሳማሪው ብሌኑን ፍቆ፣ እንደገና ወደ መሀል አምጥቶ፣ የብርሃኗን ነጥብ በቦታዋ እስኪያስቀምጥ ድረስ ስንት ጊዜ አበላሽቶ እንደ ጀመረ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ሲያበቃ ግን ሹፌሩ አየ። ክፍሉ ውስጥ የትም ብትሄድ ያያታል። ከንፈሩም፣ በማን ትእዛዝ እንደ ሆነ እንጃ፣ ፈገግ ብሏል።

ከዚያን ቀን ወዲህ እታለም ባል አገባች ማለት ይቻላል። ሹራብ እየሠራች ታወራዋለች፣ ትቆጣዋለች። አሳማሪው ሻይ ሊጠጣ ጎራ ሲል ከበሩ ውጭ ሆኖ፣ «አሁን ምን ያስቅሃል?» ስትል ይሰማል፤ ሲገባ ግን ከእሷ በቀር ሰው የለም።

አንድ ነገር ብቻ አልሆነላትም። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ በየዓመቱ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ፣ አውቶቡስ ተከራይታ፣ ከከተማው ወዲያ ወዳለው ሐይቅ ትወስዳቸው ነበር።

«ዘንድሮስ?» ትላታለች ልብስ ሰፊዋ።

«ድንገት ቢመጣስ? ቤቱን ተዘግቶ ሊያገኘው ነው?»

«ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃ።»

«እሱና መጠበቅ አይተዋወቁም።»

ልብስ ሰፊዋ በእልህ አንድ ወንበር ባዶ እያስቀረች ትሄዳለች። ሴቶቹ ሲመለሱ እታለም፣ «ውሃው ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ብላ ትጠይቃለች። አንዷ ሰማያዊ ትላለች፣ አንዷ አረንጓዴ፤ ሌላዋ ደግሞ «ጭቃ ነው እቴ፣ ምን ያስዋሻችኋል» ትላለች። እታለም ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቡናማ ክር አጠገብ ላጠገብ አስቀምጣ፣ የቱን ማመን እንዳለባት ሳታውቅ ዓመቱ ይዞራል።

እንዲህ እያለ ሃያ ዓመት ግድም ሆነ። ታዲያ የሐይቁ ጉዞ በደረሰበት ሰሞን፣ ልብስ ሰፊዋ የልክ መውሰጃ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ጣለች ፎቶ ቤት ገባች።

«እህትህ አጉሊ መነጽርህን ይዘህ ና ብላለች» አለችው ለአሳማሪው።

«ምን ጠፍቶባት ነው?»

«የጠፋው ተገኘሁ እያለ ነው። እሷ ናት ያላመነችው።»

ሲደርስ አንድ አጭር ሽማግሌ ፎቶው ሥር ባለው ወንበር ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጆሮዎቹ ወደ ውጭ፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ነው። እታለም ከሹራብ መኪናዋ ኋላ፣ እንደ ዳኛ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰቅላለች።

«እኚህ ሰውዬ ባልሽ ነኝ ይላሉ» አለችው። ባልን አንቱ ያለችው ሆን ብላ ነበር፤ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ክብር ነው።

«አንተ ልጅ አርጅተሃል» አለ ሽማግሌው ለአሳማሪው።

«እርስዎም እንደዚያው፣ ጋሼ» አለ አሳማሪው፤ ለማንኛውም ብሎ ነው።

«እስቲ ወደ ብርሃን ዞር ይበሉ» አለች እታለም። ሽማግሌው ዞረ። «አየህ? የእሱ አፍንጫ ቀጥ ያለ ነበር። ጆሮውም ልከኛ ነው። አገጩን ተመልከት፤ እኚህ ሰውዬ አገጭ የላቸውም።»

«እርጅና ነዋ» አለ ሽማግሌው።

«እርጅና አፍንጫ ያጣምማል?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ ፎቶውን አየ። ከገባ ጀምሮ በቅጡ አላየውም ነበር። ቆይቶ ተነሳና ቀረብ አለ።

«ይህ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፤ እሱን ከሆኑ» አለች።

«እኔ?» ኮፍያውን አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። «እንዲህ ነበርኩ እንዴ?» ድምፁ ውስጥ ሐዘንም ኩራትም ነበረበት። «ወይ ጉድ። ወጣትነት እንዴት ያለ ነገር ነው። መንገድ እኮ ነው እንዲህ ያደረገኝ።»

«እኔ ብሆን ግድግዳው ላይ ያለውን ነው የምመርጠው» አለች ልብስ ሰፊዋ ከበሩ። «ወንድም እንዳለው ጠይቂልኝ።»

«ዝም በይ አንቺ። እሺ፤» እታለም ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ «ከዚህ ቤት የወጣህ ቀን ምን ብለህ ነበር የወጣኸው?» አንተ እንዳለችው ሲገባት ቶሎ አረመችው፤ «ማለቴ፣ ምን ብለው ነበር?»

ሽማግሌው ብዙ አሰበ። «ምንም አላልኩም።»

እታለም ራሷን ነቀነቀች።

«ልክ ነው። ግን ምንም አለማለት ማንም ይችላል።»

ከዚህ በኋላ ዓይኗን ወንድሟ ላይ ጣለች። «አንተ ስንት ዓመት በመነጽር ያየኸው ፊት ነው። ፍረድ። እሱ ከሆነ ቤቱ ነው፣ ይገባል፤ እኔም የማደርገውን አደርጋለሁ። እሱ ካልሆነ ግን ደህና ይሁኑ፤ እኔ ባሌን እጠብቃለሁ።»

አሳማሪው ሽማግሌውን አየ፣ ፎቶውን አየ። ዓይኑን ጨፍኖ የዱሮውን ሹፌር ሊያስታውስ ሞከረ። የመጣለት ቀጥ ያለ አፍንጫና ጠንካራ አገጭ ነው፤ የገዛ እጁ ሥራ። አንዱን ፊት ደጋግሞ ሲያሳምር ከፎቶው ብቻ ሳይሆን ከጭንቅላቱም አጥፍቶት ኖሯል።

«ፎቶ እናንሳቸው» አለ በመጨረሻ። «አዲሱን ከዱሮው ጎን አስቀምጠን እናያለን።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። ሰውየው ሕያው ሆኖ እፊታቸው ቆሟል፤ እህትና ወንድሙ ግን ስለ ሰው ፊት ከሰው ይልቅ ፎቶ የሚያምኑ ነበሩና፣ እታለም በደንብ አሰበችበትና፣ «ይሁን። ከጉዞው በፊት ይድረስ» አለች። ጉዞውን ለምን እንዳነሳችው የጠየቃት የለም። ፍርዱ እስኪሰጥም ሽማግሌው አሳማሪው ዘንድ አደረ፤ ሲያንኮራፋ ግን እንደ ጭነት መኪና ነበር።

በማግሥቱ ፎቶ ቤት ሄዱ። ፈገግ-በሉ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘው።

«አስታወስከው?» አለው አሳማሪው።

«እኔ ፊት አላስታውስም። ያነሳሁትን ሁሉ ባስታውስ አብጄ ነበር። ይቀመጡ።»

ሽማግሌው ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ እንዳየው ሆኖ ሊነሳ ስለ ፈለገ አገጩን ወደ ፊት ገፋ፣ በአንድ እጁ ጆሮውን ወደ ራስ ቅሉ ለጠፈ።

«እጅዎን ያውርዱ» አለ ፈገግ-በሉ።

«ጆሮዬ እኮ ነው።»

«ጆሮዎ እንደሚመጣ ይመጣል። ፈገግ በሉ።»

ሽማግሌው ፈገግ አለ። ፈገግ-በሉ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። በዚያችው ቅጽበት፣ ጣቱ ቁልፉን ሲነካ፣ የሽማግሌው ዓይን እንደ ተባረረ ዝንብ ወደ በሩ ሸሸ።

«ወደዚህ ነው የሚያዩት» አለ ፈገግ-በሉ። «በሩ ላይ ምን አለ?»

«ምንም።»

ደገመ። ዓይኑ ሸሸ። ሠለሰ። እንደዚያው።

አሳማሪው ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ ነበር። ኮምጣጣው ሽታ በአፍንጫው ገባ፤ ያቺ ቀን፣ ደጅ ላይ የቆመችው የጭነት መኪና፣ ከካሜራው ጎን ፀጉሯን ስታስተካክል የነበረችው ሙሽራ እህቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡ። ፊቱን አላወቀውም። ያወቀው ሽሽቱን ነው፤ ከፎቶው ላይ ፍቆ ያጠፋውን ያንኑ ነገር።

ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ መስታወቱ ላይ ዘረጋው። ሽማግሌውም ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«እንደ ቀድሞው ሥራኝ፣ አንተ ልጅ።»

«እንደ ቀድሞው እንዴት?»

«እንደ ግድግዳው ነዋ። ያኔ እንደ ነበርኩት።»

«እንደዚያ ነበሩ?»

«ፎቶው ላይ አየሁት እኮ» አለ ሽማግሌው፤ እየቀለደም አልነበረም። «ይኸው አንተው ታውቃለህ። አፍንጫዬን ቀና፣ ዓይኔን ወደ እሷ። ታምነኛለች።»

«ለምን ነው የመጡት፣ ጋሼ? በእውነት?»

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ፍሬን መርገጥ አቃተኝ።» ኮፍያውን በጣቱ አሽከረከረው። «መንገድም ሰለቸኝ።»

«ወይስ መንገዱ እርስዎን?»

«ያው ነው።»

አሳማሪው እርሳሱን በምላጭ አሾለ። ቀላል ነበር። እጁ የዚያን አፍንጫ ጎዳና በጨለማ ይሄደው ነበር፤ ብሌኑንም አንዴ አዙሮታል፣ ሁለተኛ ቢያዞረው ምን ያቅተዋል? እህቱ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ታያለች፣ አንድ ይሆኑባታል፣ ሰውየው ይገባል፤ ከዚያ ዕድሜ ልኳን ለአንዱ ሾርባ እየቀዳች ከሌላው ጋር ታወራለች። እርሳሱ ፊልሙን ሊነካ ሲል እጁ ቆመ። ለእውነት ብሎ ነው እንዳይባል፣ እውነት ለአሳማሪው ውለታ ውላለት አታውቅም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ያንን አፍንጫ እንደገና ማቅናት ታከተው።

«እንደ መጡ ነው የማትምዎ» አለ።

«ትጨርሰኛለህ።»

«እኔ ጨርሼዎት ነበር፤ እርስዎ ነዎት ተመልሰው የመጡት።»

ፎቶው ሳይነካ፣ አፍንጫውም ጆሮውም እንዳለ፣ ታተመ።

የጉዞው ጠዋት ነበር ወደ እታለም ክፍል የሄዱት። አውቶቡሱ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሞተሩ ይንደቀደቃል፤ ልብስ ሰፊዋ ሴቶቹን በስም እየጠራች ስታስገባ ድምፅዋ እዚህ ድረስ ይሰማል። የሹራብ መኪናው ዝም ብሏል፤ እታለምም ላዩ ላይ አንሶላ ጣል አድርጋበታለች። ሽማግሌው እንደ ባለፈው ፎቶው ሥር ተቀመጠ። አሳማሪው አዲሱን ፎቶ ሰጣት።

ወደ መስኮቱ ወሰደችው። አጉሊ መነጽር አልፈለገችም። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን አየች፤ እሱም፣ እንደ ልማዱ፣ አያት። በመጨረሻ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን አየች። ሽማግሌው ሊታይ መሆኑን ሲያውቅ አገጩን ገፋ፤ ዓይኑ ግን ወደ በሩ ሄደ።

«ነው» አለች። «እሱ ነው።»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሰ። «ተመስገን።»

«አንተ» አለችው፤ አንቱታው ቀርቷል። «ያኔም እንዲህ ነበር የምታየው። እንዴት ረሳሁት?» ወደ ወንድሟ ዞረች። «የግድግዳውን ዓይን ማነው ያዞረው?»

«አንቺ ነሽ አዙር ያልሽኝ፣ እታለም።»

«የከንፈሩንስ ፈገግታ ማን አዘዘህ?»

አሳማሪው ጢሙን አሸ። «እሱን እንጃ። እጄ ላይ መጣ።»

«አሃ።» ግድግዳውን እንደገና አየች። «እንግዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስጣላ የኖርኩት ካንተ ጋር ነዋ።»

«ስትጣዪኝ አንድም ቀን አልሰማሁሽም።»

«አየህ፣ እሱም እንደዚሁ ነበር የሚለው።»

ሳቋ መጣ፤ እንደ ሹራብ መኪናዋ ክርርር ብሎ አለቀ። ሽማግሌው ምን እንዳሳቃት ባይገባውም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎት እግሩን ዘርግቶ ተመቻቸ።

«ሻይ ይገኛል?» አለ።

እታለም ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣችና አሮጌውን ፎቶ ከምስማሩ አወረደች፤ በቦታው ግድግዳው ፀሐይ ስላላገኘው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ። አዲሱን ጠርዙን በስታ እዚያው ምስማር ላይ ሰቀለችው፤ ከነጩ ቦታ ስለሚያንስ ዙሪያውን ባዶ ሆነ። አሮጌውን ከነፍሬሙ በሹራብ ሻርፕ ጠቀለለችና ከአልጋው ሥር ካወጣችው ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ቦርሳው ውስጥ አስቀድሞ የገቡ ነገሮች ነበሩ፦ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሰማያዊ፣ የአረንጓዴና የቡናማ ክር ጥቅሎች።

አሳማሪው የክር ጥቅሎቹን ሲያይ ገባው። ቤቱን የሚጠብቅላት ሰው በመጨረሻ መጥቷል።

ከመንገዱ ማዶ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። እታለም የቤቱን ቁልፍ ሽማግሌው ፊት፣ ሹራብ የለበሰችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ወዴት ናት?» አለ ሽማግሌው ለአሳማሪው።

እታለም ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ወንድሟን አላየችም፣ ባሏንም አላየችም። ሹራብ የለበሰውን እጀታ ይዛ በሩን ከፈተችና ወጣች፤ አልዘጋችውም። ግድግዳው ላይ ያለውም፣ ከሥሩ የተቀመጠውም፣ ሁለቱም በሩን እያዩ ነበር።